የቦዬ ቆዳ

ዝናብ ከጅሬን ወርዶ አዌቱን ሲያደፈርስ፣
መብራት ሦስቴ ሄዶ ሦስቴ ሲመለስ፣
በላቦራቶሪው ብቻዬን አመሸሁ፣
ከአንዲት ሳህን ጋራ ዐይን ለዐይን ተያየሁ።

የሳህኑ ባለቤት ኸይሩ አባ ቢያ ነው፣
አልጋ ዐሥራ አራት፣ መስኮቱ ሥር ያለው።
በርጩማ ሲጠርብ መጥረቢያው አዳልጦበት
ቅልጥሙን ገመሰው፤ ቁስሉ ወር ሞላበት።

ስድስት መድኃኒት በስድስት ክብ ወረቀት
ሳህኑ ላይ አኖርሁ።
ባክቴሪያው አንዱንም አልፈራ፤
ከወረቀቱ ጫፍ እስከ ጫፍ
እንደ ክረምት ሣር ለመለመ።
ሐኪሟ «ምን ቀረን?» ብላ ስትጠይቀኝ
ጓንቴን በማውለቅ መለስሁላት።

ለሊሴ ግን በቦት ጫማ፣ በግንባር መብራት፣
ከቦዬ ረግረግ ጭቃ ለብሳ መጣች።
አፉ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ
አንዲት እንቁራሪት።
ጀርባዋን በቀስታ ደባበሰች፣
ላቧን በጥጥ ወሰደች፣
ሲነጋ ወደ ውሃሽ እመልስሻለሁ አለቻት።

ይቺን እንቁራሪት በተረት እናውቃታለን፤
ዝሆን አክላለሁ ብላ ተነፍታ
ተሰንጥቃ የሞተችው።
ዛሬ ነገሩ ዞረ፤
ሌላውን የምትሰነጥቅ እሷ ሆነች።

ላቧ ውስጥ ያለችው ፔፕታይድ ትባላለች፤
አጭር ክር ናት፣ ሃያ ሁለት ዶቃ የተሰካባት።
ውሃ ውስጥ ሳለች መልክ የላትም፣
እንደ ተፈታ መቀነት ትንሳፈፋለች።
የባክቴሪያው ደጅ ስትደርስ ግን—
ያ ደጅ ከውጭ ኔጋቲቭ ነው፣ እሷ ፖዘቲቭ—
ፍቅር አይደለም፣ ጠብም አይደለም፣
ብቻ ትሳባለች፣ ትለጠፋለች፣
ያኔ ትጠመዘዛለች፣ ያኔ ቅርጽ ታወጣለች፤
አንድ ጎኗ ቅባት ወዳድ፣ አንድ ጎኗ ውሃ ወዳድ።

አንዷ ብቻዋን ምንም አታመጣ።
እንደ እንግዳ መደቡ ላይ ጋደም ትላለች።
መቶ ሲሆኑ፣ ሺህ ሲሆኑ፣
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?
እዚህ ድሩ ማሰሩን ትቶ መብሳት ያዘ።

ውስጥ የነበረው ጨው ወደ ደጅ ሸሸ፣
ውሃ ሳይጠራ ገባ፣ ጉልበቱ ሟሸሸ።
ቁልፍ አልተሰበረ፣ በር አልተከፈተ፣
ግድግዳው ራሱ ወንፊት ሆኖ ሞተ።

ንጋት ላይ ኢንኩቤተሩን ከፈትን፤
በጠብታዋ ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ፣
ሣር የማይበቅልበት አውድማ።
ለሊሴ እልል ልትል አፏን ስትከፍት
«ቆይ» አልኋት፣ «ደሙ ይቀራል።»

ከራሴ ክንድ የቀዳሁት፣ ሁለተኛው ቱቦ።
ጤነኛ ደም ሲቀመጥ ይዘቅጣል፣ ከላዩ ይጠራል።
ይኸኛው ከላይ እስከ ታች
እንደ ከርካዴ ቀልቷል።
የእኛ አጥር ከውጭ ገለልተኛ ነው፣
ኮሌስትሮል እንደ ጭቃ ያጠበቀው፤
ስለዚህ ታልፈናለች ይላል መጽሐፉ።
አዎ፣ ታልፈናለች፣ ጥቂት ስትሆን።
ስትበዛ የማን ቤት ነው ብላ አትጠይቅም።

ለሊሴ ምንም ሳትል ሃይላንዱን አነሳች፣
ቦዬ የሚሄድ ባጃጅ ጠራች።

በሁለት ሰዓቱ ዙር ኸይሩ አየኝ፤
«ሌሊቱን ምን ስትሠሪ አደርሽ?»
«እንቁራሪት ሳዳምጥ» አልሁት።
ሳቀ። «እኛ ጋ ስትጮህ
ዝናብ አላባራም ማለት ነው።»

መብራቱ ደግሞ ጠፋ።
ነርሷ በመስኮቱ ወገግታ ፋሻውን ፈታች።
በቁስሉ ዳር፣ ክር የምታህል፣
ስስ ሮዝ ቆዳ።
እዚያ ውስጥም አሉ፤
ከረግረግ ያልመጡ፣ የራሱ የኸይሩ፣
ማንም በጥጥ ያልቀዳቸው።
ጎንበስ ብዬ አየሁ።
ጥቂት ናቸው።
ገና አላበሩም።