በጥሪውና በ"አሎ" መሃል

የተመረጥኩ ለታ የዓሣ አስጋሪው ሹም፣
ኮት ገዛሁ ከፒያሳ፤ ለጀልባ አይሆንም፣
ክንዱ መቅዘፊያ አይዝም፣ ኪሱ ውሃ አይችልም።
ማኅተሙን በደረት ኪስ፣ ቁልፉን በወገቤ፣
ወንበሬ ሲሽከረከር ተሽከረከረ ልቤ።

ሠላሳ አንድ ጀልባ፣ መቶ ሁለት ሰው፣
ሚዛን፣ በረዶ ቤት፣ የቁጠባ ደብተር፤ "ይኼን ሁሉ ማነው
ከእኔ በቀር የሚይዘው?" እያልኩኝ በሆዴ፣
እንደ አሞራ ገደል አባ ኮዳ ተጀነንኩ በመንገዴ።

ጥበቃው ጋሽ ላሊሞ፣ በጎማ ጫማቸው፣
ሌሊት በባትሪ መብራት የሚያነቡ ናቸው።
አንድ ማለዳ፣ ሻዩን በጣሳ እየጠጡ፣
"ያ የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ" አሉኝ፣ ወሬ ሲያመጡ፣
"የአባቶቹ ከተማ ፈርሶ፣ ፊቱ እንደ ጠቆረ፣
ንጉሡ 'ምን ትሻለህ?' ብሎት ነበረ።
መልሱን አላስቀደመም። ለካስ መሃል ላይ፣
ዓይኑን ሳይጨፍን፣ ሳይንበረከክ፣ ልኮ ነበር ወደ ሰማይ
አንዲት ቃል። ዋንጫው ገና በእጁ ነው።
እርስዎስ፣ ሊቀመንበር፣ ስልክዎ ሲጮህ፣
በጥሪውና በ'አሎ' መሃል ምንድን ነው ያለው?"

ሳቅሁ። ስልኬ ጮኸ። "አሎ!" አልኩ በቁጣ።
"ሊቀመንበር፣ መረብ ተቆርጧል! ጉድ መጣ!"

የዳንጊሶ መረብ ነው፣ ሃያ ክንድ ተበጥሷል፤
"ቃሬ ነው" አሉ ሰዎች፣ "ማታ እዚያ ታይቷል።"
ቃሬ! በምርጫው ዕለት፣ ስሜ ሲጠራ፣
እጁን ሳያወጣ ቆሮሶ ሲፍቅ የነበረ፣ ሥራ በሥራ።

ጋሽ ላሊሞ ከበሩ፣ "ሐይቁን አይተው ይሆን?"
አሉኝ በቀስታ። "ሥራዎን ይሥሩ" አልኳቸው፣ "እኔን
ማንም አያስተምረኝም።" ወረቀት ሳብኩ፤
"ከማኅበሩ ታግዷል" ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣
ማኅተሙን ሁለት ጊዜ፣ እንዲደምቅ፣ አተምኩ።

ያን ሌሊት ነቅቼ አደርኩ፤ ለጸሎት አይደለም፤
ቀለሙ ጣቴ ላይ ቀርቶ፣ ባጥበው ባጥበው አልለቀቀም።

ከታቦር ማዶ ሳይነጋ፣ ኮቴን ትቼ ወጣሁ፤
ጋሽ ላሊሞ ተከተሉኝ፤ ለምን እንደሁ አልጠየቅሁ።
መቅዘፊያ ያዝኩ፤ መዳፌ ለካ ለስልሷል፤ ፈራሁ።

የሐዋሳ ሐይቅ ጭጋግ ለብሷል። የመረቡ ቀዳዳ
እንደ በር ተበርግዷል፤ ቢላ እንዲህ መች ሊጎዳ፤
ገመዱ ታኝኮ፣ ቡሹ ተጨፍልቆ፣
ደንገሉ ተረግጦ፣ ባለ አራት ጣት ዱካ ጭቃው ውስጥ ጠልቆ።
"ጉማሬ ነው" ያለ ሰው የለም ከሁለታችን፤
እሱው ራሱ አዛጋ፣ ራቅ ብሎ፣ በፊታችን።

ስልኬ ጮኸ። ዳንጊሶ ነው። አንዴ ጠራ። ሁለቴ።
ከመቅዘፊያው ውሃ ይንጠባጠባል በጉልበቴ።
በሦስተኛው ጥሪ ላይ፣ ከጉሮሮዬ በታች፣
"ጌታ ሆይ፣ አላውቅም" አልኩ። ያችው ናት፤ አለቀች።
ከዚያ "አሎ" አልኩ። "ዳንጊሶ፣ ሰው ሰብስብልኝ፤
ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሚዛኑ ጋ ጠብቁኝ።"

ሚዛኑ አጠገብ ቆምኩ፣ ሱሪዬ እስከ ጉልበት ርሶ፣
ያን ወረቀት ቀደድኩት፤ ድምፄ ተልፈስፍሶ፣
"ቃሬ ላይ ሳላይ ፈረድኩ። እጁን ስላላወጣ
ነው እንጂ፣ ስለ መረብ አልነበረም ቁጣዬ የመጣ።"
አንዲት ዓሣ ሻጭ ከት ብላ ሳቀችብኝ፤
"እንዲህም ሹም አለ?" ያለው ሰውዬ ግን ወጋኝ።

ቃሬ አላቀፈኝም። ቢላውን ጠረገ፤
"ዓሣው እየሞቀ ነው" አለና፣ ሳጥን ፈለገ።
በአንዱ እጀታ እሱ፣ በአንዱ እኔ ያዝን፤
እስከ በረዶ ቤቱ ድረስ አልተነጋገርን።

ኮቱ ዛሬም ቢሮ አለ፤ ብርዱ ሲጠና ሌሊት
ጋሽ ላሊሞ ይደርቡታል፤ ሰፍቷቸዋል ጥቂት።
እኔማ፣ እውነቱን ልናገር፣ ዛሬም እረሳለሁ፤
"አሎ" ካልኩ በኋላ ነው ልቤ የሚነቃው፤ አፍራለሁ።
አንዳንዴ ግን፣
አንዳንዴ፣ በሁለተኛው ጥሪ እደርሳለሁ።