አንድ ቁጥር

አሮጌው ኮምፒውተሬ በሐምሌ ጭጋግ ውስጥ አንድ ማለዳ ሞተ፤
መሐል ሜዳ ያለ ባለጉዳይ ሁሉ በእርሱ የተሟገተ፣
«ለተከበረው ፍርድ ቤት» ሲል ዐሥራ አንድ ዓመት የኖረ፣
ፊደሉ ከቁልፉ ተፍቆ አልቆ በጣቴ ትዝታ የነበረ።

አዲሱን ይልቃል፣ የእህቴ ልጅ፣ በአይሱዙ ጭኖ ላከልኝ፤
«ጋሼ፣ የዚህ ዘሩ ሌላ ነው፣ ከቀድሞው አይዛመድም» አለኝ።
ጓሳ ላይ እንዳደረ ድንጋይ ጀርባው ይቀዘቅዛል፤
የስልኬን ሽቦ አልጎርስም ብሎ አፉን ያጠባል።
መጋጠሚያ በሦስት መቶ ብር ገዛሁ ከአስናቀች ሱቅ፤
ባናዬን ጉልበቴ ላይ ጥዬ ተቀመጥሁ፣ ክቡ ሲዞር ልጠብቅ።

መጀመሪያ ስልኬ ጠየቀኝ፦
«ይህን ኮምፒውተር ታምነዋለህ?»
እኔ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ፤
ያለ ምስክር ማመን አይሆንልኝም፤ ቢሆንም «አዎ»ን ነካሁ።

ከዚያ ስሞች ይጎርፉ ጀመር።
ጥላዬ ቅጣው፣ ሁለት።
አስካለ ጠጉር ነጋዴ፣ ሁለት።
«እንዳታነሣው» ብዬ የመዘገብሁት አበዳሪዬ እንኳ
ሁለት ሆኖ መጣ፤ ዕዳውን ግን አላውቅም።
ዳኛው ደግሞ ሦስት፤
ይግባኝ ሳልጠይቅ ችሎት ተሟላልኝ።
ነሐሴ ዐሥራ ሁለት ያልሁት ቀጠሮ
በፈረንጅ አቆጣጠር ዐሥራ ስምንት ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

በመጨረሻ አንዲት ሳጥን ብቅ አለች፦
«ቁጥሩ አንድ ነው፣ ስሙ ሁለት። ላጣምረው?»

አንደኛው «ሽመክት ወንድሜ» ይላል፤
አባታችን በሕይወት ሳለ የጻፍሁት ነው።
ሁለተኛው «ተከሳሽ» ይላል፤
ባለፈው ጥር፣ ከምንጩ በላይ ያለው ማሳ
በገመድ ተለክቶ ስድስት ክንድ ሲጎድል የጻፍሁት።
የሰውን ክስ በሃምሳ ብር እጽፋለሁ፤
የራሴን በነፃ ጻፍሁት።

አሮጌው ማሽን ሁለቱንም ስም አዝሎ ኖሮ አንድ ቀን አልተነፈሰም፤
ይሄ ትናንት የመጣው፣ መንዝን ረግጦ የማያውቀው፣ ዝም አላለም።

ጣቴ መስታወቱ ላይ ቆመ።
ቢጣመሩ የትኛው ስም ይቀራል? አይነግርም።
«ሁለቱንም አቆይ» አልሁት።
ክቡ መዞሩን ቀጠለ።

ማታ ስልኬ ሲጮኽ
መስታወቱ ላይ ስም አልነበረም፤ ቁጥር ብቻ።
ቁጥሩን
በቃሌ ነው የማውቀው።