የሰርግ ስጦታ

ሚዛኔን ተሸክሜ ዳገቱን ጨረስኩት፤
የማርጌድን ደጃፍ በክርኔ አንኳኳሁት።
ዝናብ ነው እንደ ወትሮው። የሰሜን ዌልስ መንደር፣
ጣሪያው ጥቁር ድንጋይ፣ ጥቁር ድንጋይ አጥር።

"ውጪበት" አልኳት ሚዛኑን። ጫማዋን አውልቃ
ወጣች። አርባ አንድ ኪሎ። ወረደች ተሳቅቃ።
"ባለፈው ወር አርባ ሦስት" ይላል መዝገቤ ላይ።
"ምን በላሽ?" "በላሁ እንጂ።" "ምኑን?" "ዳቦ በሻይ።"
"ትናንትስ?" "ዳቦ በሻይ።" "ከትናንት ወዲያስ?" ዝም።
መስኮቱ ሥር ፖም አለ፣ አንዱም አልተገመጠም።
"ለሽታው ነው" ብላ አፏን በእጇ ከለለች፤
ከዚያ፣ ያልጠየቅኳትን፣ ቀስ ብላ ጀመረች።

"ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ኢድዋል ሊያገባኝ፤
አባቴ ለሰርጌ ስጦታውን ሰጠኝ።
ልብስ እንዳይመስልሽ፤ ለጥርስ ሐኪም ነው የከፈለው፤
የዚያ ዘመን ወግ ነው፣ በሸለቋችን ያለው፤
ሙሽራ ለባሏ ኋላ ወጪ እንዳትሆን፣
ሳይታመም አስነቅላ ትገባለች ቤቷን።
አንድ ጧት፣ ሠላሳ ሁለቱም ረገፉ፤
ሐኪሙ ያፏጫል፣ ጥርስ ሞልቶ አፉ።
በጥር ተነቅሎ በሚያዝያ ሰርግ ሆነ፤
ፎቶው ላይ ሸክላ ሳቀ፣ ድዴ ግን አዘነ።"

ከመስኮቷ ማዶ የድንጋይ ካባው ቆሟል፣ ሆዱ ተቦርቡሮ።
ኢድዋል ዕድሜውን ጨርሷል እዚያ ድንጋይ ቆፍሮ።
ከውስጥ ሲወስዱበት ጋራው ከላይ ሰመጠ፤
የበጎቹም በረት ከነአጥሩ ተዋጠ።
አጥንትም ሠራተኛ ነው፤ ሥራውን ሲነጥቁት
ቤቱ ቁጭ ብሎ ይከሳል፣ ምንም ቢቀልቡት።
አገጯ ወደ አፍንጫዋ በየዓመቱ ቀረበ፤
ጉንጯ እንደ ባዶ ኪስ ወደ ውስጥ ተሰበሰበ።
ሸክላው ላላ፤ ተሠራ፤ ላላ፤ አራት ጊዜ ተቀየረ፤
አምስተኛው ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ሲጠጣ ቀረ።

መጀመሪያ ሥጋ ቀረ። ከዚያ ለውዝ። ከዚያ ካሮት።
ከዚያ ጎመን። ከዚያ ደግሞ ከሰው ጋራ ራት።
ደሟ አነሰ፤ ደረጃው ላይ ዓይኗ ጨለመባት፤
ያልታኘከ የሚረከብ ሆዷ ሌሊት ተጣላት።
በመዘምራን መሃል ድምፀ መረዋ ነበረች፤
አንድ እሁድ "ሰ" የምትል ፊደል ከአፏ አመለጠች፤
በፉጨት ወጣች። ከኋላ አንድ ሕፃን ልጅ ሳቀ፤
የማርጌድም እግር ከዚያ ደጃፍ ራቀ።

ሐኪሞቹ ሁሉን ጽፈዋል፣ በየፋይሉ ለይተው፦
ልብ እዚህ፣ ጨጓራ እዚያ፣ ኀዘን ሌላ ክፍል ወስደው።
በሩን ነቅለው የወሰዱት ቤት መሃል ቆመው
"ብርዱ ከየት ገባ?" ይላሉ፣ ምድጃ ከበው።
እኔም እንደነሱ ነኝ። ሦስት ዓመት መዘንኳት፤
"አፍሽን ክፈቺ" ብዬ አንድ ቀን አላልኳት።

ዛሬ አልኳት።
እጇን አነሳች። በባትሪዬ አየሁ፦
ልሙጥ ድድ፣ የወንዝ ጠጠር። ልመለስ ስል ዘገየሁ።
ከጥግ፣ ከጨለማው፣ አንድ ነጭ ጫፍ ብቅ ብሏል፤
ስድሳ ዓመት አጥንት ውስጥ ተደብቆ ኖሯል።
ሠላሳ አንድ ነበር እንግዲህ ያ ሐኪም የነቀለው።
"አውቃለሁ" አለች፤ "ከፋሲካ ወዲህ ነው የበቀለው።
ሌሊት በምላሴ እነካዋለሁ። ያመኛል፤ ግን ይሁን።
እባክሽ አትጻፊው። መጥተው ይነቅሉታል እሱን።"

ፖሙን አንስቼ በማንኪያ ፍቄ አጎረስኳት።
ቀስ ብላ በዚያ ወገን አላመጠች፤ ጠበቅኳት።
መዝገቤን ገለጥኩ። "ክብደት፦ አርባ አንድ" ብዬ ጻፍኩ።
"ጥርስ፦" የሚለው ቦታ ስደርስ፣ ብዕሬን ይዤ ቆምኩ።