ማክሰኞ፣ ከኮርኒሱ በላይ

አፉላ ላይ ክረምት ሲገባ፣ ጭቃው እንጂ ብርዱ አይከፋም፤
የኔም ወንበር ከምድር ቤቱ በር ጥግ አይጠፋም።
አስረስ እባላለሁ፤ የአዳራሹ ዘበኛ፤
አሥራ አንድ ቁልፍ አለኝ፤ አንድ ጉልበት ደኅና፣ አንድ ጉልበት ምቀኛ።
(የወደቅሁት ከብርቱካን ማሸጊያው መሰላል ላይ ነው፤
ካሳው ለጥርስ አለቀ፤ ሕመሙ ግን ዛሬም የኔ ነው።)

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ፣
ጫማ በፌስታል አንጠልጥለው ይወጣሉ ወደ ላይ፤
ጊዶን፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር፣
ከናዝሬት የምትመጣው መድኃኒት ቀማሚዋ ሱሄር፣
ላሪሳ፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ሁሌ የምታስነጥሰዋ፣
ከሁሉ ኋላ ኤስትሬያ፣ የሰማንያ ዓመቷ መምህርቷ፤
ከመቄዶንያ አገር፣ ሞናስቲር ከሚሉት ከተማ
አባቷ ይዞ የመጣው ንብረት፦ አንድ መሀረብና የእግር ዜማ።

እኔ አይቻቸው አላውቅም። ጭፈራውን የማውቀው በኮርኒሱ ነው፤
ከአምፖሉ አቧራ ሲረግፍ፣ «ኦሮ» የሚሉት ክብ ተጀመረ ማለት ነው።
እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ቀኝ ሲሄዱ፣
ባንድ እግር ሲነጥሩ፣ ባንድ እግር ሲወርዱ፣
እንደ ሐኪም ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ጥዬ
ስንት ክረምት ቆጠርኩ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሴ ብዬ።

ሰባት አለ፤ ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት፤ ሻይ እንደሚያማስል ሰው የረጋ።
ከባዱ አለ፣ የወንዶቹ፤ እግር ተነሥቶ አየር ላይ ይቆያል፣
ውሳኔ እንደ ጠፋው ዳኛ።
አንዱ ግን አምስት ነው። ሁለት፣ ሦስት። አጭር፣ ረዥም።
ይሄንን የትም ብሰማው አልስተውም፤
ደረጃ ስወጣ የማደርገው ነው።

ያን ሰሞን ጥድፊያ ነበር፤ የላሪሳ ልጅ ሊያገባ
ቀብድ ተከፍሎ ነበር፣ ታዝዞ አበባ።
ኤስትሬያ ቆረጠች፦ «እንደኛ አገር ደንብ ይሁን፤
የሙሽራው እናት ትምራ፣ ወንፊት ይዛ፣ ሽቅብ አንሥታ እጇን፤
በወንፊቱ ዳቦ፣ በዳቦው ላይ አበባ።»
«ለምን ወንፊት?» አለች ላሪሳ።
«ልጅ ማለት በወንፊት የያዙት ውሃ ነዋ።»
ወንፊቱ የባለቤቴ የትርንጎ ነው፣ ጤፍ የምትነፋበት፤
እንዳለ ነው የሰጠኋቸው፣ ጠርዙ ላይ ዱቄት ቀርቶበት።

በዚያ ማክሰኞ ዝናብ ጣለ። መብራት ጠፋ ከነሰፈሩ።
ሙዚቃው መሐል ላይ ተቆረጠ፤ እግሮቹ አየር ላይ ቀሩ።
ባትሪዬን አብርቼ ወጣሁ፤ አጭር፣ ረዥም፣ አጭር፣ ረዥም፤
አሥራ አምስት ሰው በጨለማ ቆሟል፤ እጁን የለቀቀ ግን የለም።

«ቴፑ ሞተ» አለ ጊዶን። «በሉ እንግዲህ፣ ወደ ቤት።»
አፌ ቀደመኝ፦ «አምስት እኮ ነው። ሁለትና ሦስት።»
ባትሪውን ብብቴ ሥር ወትፌ አጨበጨብኩ፤
ቁልፎቼም ከወገቤ ላይ አብረው ገቡ፤ እኔ ደነገጥኩ።

ኤስትሬያ በድምፄ መጣች፤ ክርኔን በጨለማ ዳሰሰች።
«የት ተማርከው?»
«ከሥር» አልኳት። ሳቀች።
«ግባ።»
«እግሬ…»
«ይሄን ጭፈራ የኛዎቹ ‹የሚያነክሰው› ነው የሚሉት፤
እነዚህን ስድስት ወር የለፋሁባቸው፣ አንተ ያለህን እንዲያገኙት።»

ሱሄር በግራ፣ ጊዶን በቀኝ። ሁለት ዙር አልተሳሳትኩም፤
በሦስተኛው የሱሄርን ጣት ረገጥኩ፤ አላዘነችም፣ አልቆምኩም።
እንደ ወንፈል ነው ለካ፤ ዛሬ ያንዱ እግር፣ ነገ የሌላው ማሳ።
ከወንፊቱ ዱቄት ሲበንን አስነጠሰች ላሪሳ።
እታች፣ ባዶ ወንበሬ ላይ፣
አቧራ እየረገፈ እንደሆነ ታወቀኝ።

ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ጻፈ፦ «በሩ ክፍት፣ ዘበኛ የለም፤
የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ።» ማኅተሙ ሰማያዊ ቀለም።
አልተከራከርኩም። እውነት ነው፤ አልነበርኩም።

በሠርጉ ዕለት ኤስትሬያ ሰልፉን ልትመራ ተነሣች፤
ቦርሳዋን ፈተሸች፣ እጅጌዋን፤ የአባቷን መሀረብ አጣች።
ኪሴ ገባሁ። ወረቀቱን በአራት አጥፌ ሰጠኋት።
ምን እንደሚል አልጠየቀችም፤
አውለበለበችው።