አልጣልሁትም

ስዊድን፣ ቲዳሆልም፣ ከክብሪት ፋብሪካው ቤት
ሠላሳ ዓመት ቆመች፣ ጉንቮር ከሣጥን ፊት።
ጥያቄዋ አንድ ነው፦ ይነድዳል? አይነድድም?
ጭራ ካላየችው፣ ማንም አይነግራትም።

ሁሉን ጭራ ብታውቅ፣ የሚሸጠው አመድ፤
ሳትጭር ብትፈርም፣ ፊርማዋ የዘመድ።
እና ታወጣለች፣ ከሺህ መሐል ሃምሳ፤
ከላይ ከላይ አይደል፣ ዓይን ጨፍና ዳስሳ።
ያማረውን መርጦ፣ “ሁሉም ያምራል” ማለት
ቁጥር ማልበስ ነው፣ ራቁቱን ለቆመ ውሸት።

እኔ አዲሱ ተማሪ፣ ቸኩዬ መላ መታሁ፤
ሦስት ሲከሽፍ አይቼ፣ “ተበላሸ!” ብዬ ጮኽሁ።
ሳቀች። “መላ ነው እንጂ፣ ምቱ መች ታየና?
ደህና ሣጥን ውስጥም፣ ሦስት ይከሽፋልና።
ደህና ነው ብለህ ጀምር፣ እንደ ተከሳሽ ሰው፤
ማስረጃው እስኪከብድ፣ በዋስ አቆየው።”
“ስንት ሲከሽፍ ነው ታዲያ?”
“ሳትጭር በፊት ወስን፤
አይተህ የምታሰምረው መስመር፣ ያዳላል ለዓይን።”

ማታ፣ ሣጥን ሲታሸግ፣ ጉንቮር የፈረመች፣
“አልጣልሁትም” እንጂ፣ “ደህና ነው” አላለች።

በበረዶው ስሄድ፣ ኪሴ ውስጥ አንዲት አገኘኋት፤
ሳልጭራት አላውቃት፣ ካወቅኋት አጣኋት።
እስከ ድልድዩ ድረስ፣ በጣቴ አገላበጥኋት።