የጥላዬ ወፍጮ

ከጠባሴ በታች፣ ጥላዬ ወፍጮ ቤት፣
ገብስ አይፈጭበትም፣ ስንዴም አይገባበት።
የእህል ዋጋ ዝርዝር፣ በከሰል የጻፈው፣
ግድግዳው ላይ አለ፤ ማንም አላጠፋው።

ዛሬ የሚመጣው፣ በጆንያ ታጭቆ፣
የስልክ ባትሪ ነው፣ ቁጥሩ ተፋፍቆ፣
ከመንዝ የተላከ፣ የሶላር ፋኖስ ሆድ፣
የሸዋ ሮቢት ላፕቶፕ፣ የተፈለቀቀ ጉድ።

ቀድሞ ጨው ውሃ ነው። በሰማያዊ ገንዳ
ሦስት ቀን ይተኛል፣ ጉልበቱ እስኪከዳ፣
አረፋ እየተፋ፣ ቀስ እያለ፣ ቀስ፣
የያዘውን ብርሃን፣ ለጨው እስኪመልስ።

የምለካው እኔ ነኝ። ቮልቱ ዜሮ ካልሆነ
አይፈጭም።
ባለፈው ሰኔ አንዷ፣ ያልሞተች፣ ከእጄ ሾልካ
የጥላዬን ቅንድብ
ይዛው ሄደች።

እህል ሲፈጭ ድሮ፣ ጠጠር የገባ እንደሁ፣
«ዝጉት!» ይል ነበረ፣ «ሰማሁት፣ ሰማሁ!»
ዛሬም ሞተር ሲጮህ፣ ጆሮው ነው ዘበኛው፤
አንድ ትኩስ ካለች፣ እሱ ነው የሚሰማው።

ከዚያ የተፈጨው ይነፋል።
ማግኔቱ ብረቱን ለቃቅሞ ይወስዳል፣
ንፋሱ ፕላስቲኩን እንደ እብቅ ይበትናል፣
መዳብና አልሙኒየም ወንፊት ላይ ይቀራል፤
ከወንፊቱ በታች
ጥቁር ዱቄት ብቻ።

ኮባልት አለው ይላሉ፣ ሊቲየም፣ ኒኬልም፤
እኛ ግን ከጥቁር ሌላ አይታየንም።
ጆንያውን ሰፍተን እንልከዋለን፤
ከዚህ ወዲያ ያለው የአሲድ ሥራ ነው፣
የባሕር ማዶ ነው።

ጥላዬ ይረሳል። ጓንቱን ያወልቅና
በአውራ ጣቱ ያሸዋል፣ እንደ ዱሮው ዱቄት፤
«ልሟል» ይለኛል፣ «ለገንፎ ነው።»
«ጓንት!» እላለሁ።
ይስቃል። ከዚያ ያስለዋል፣ ረጅም ሳል።

ትናንት አመሻሽ ላይ መብራት ሄደ።
ወፍጮው ጉርሻውን በግማሽ ይዞ ቆመ፤
ከእኛ እስከ በሬሳ ድልድይ
ከተማው ጨለመ።
ስንት ልጅ ያጠናበት፣ ስንት ምጥ የታየበት፣
ስንት የሌሊት ወሬ ያለቀበት
እዚህ አጠገባችን ተነክሮ ተኝቷል፤
አንዱም ግን ክብሪት አያህል።

በጠቆረ እጃችን ግድግዳውን እየዳበስን
በሩን ስንፈልግ፣
«ስሚ» አለኝ ጥላዬ።
ቆምኩ።
ከገንዳው ውስጥ፣
ቀስ፣ ቀስ፣
አረፋው።