ሳሙና የሸተተ ወተት

ትሮምሶ ላይ ፀሐይ በኅዳር ወር ሄዳ፣
ገና አልተመለሰች፤ ቀኑ ሰማያዊ፣ ባሕሩ ጨለማ ጓዳ።
ጉንቮር የቫርዶ ሰው፣ የዓሣ ፋብሪካ፣
ዐሥር ዓመት ጉበት ስትጨምቅ፣ ዘይት ስትለካ።
ስብ ሲከዳ ታውቃለች፤ አፍንጫዋ ዳኛ፣
አንዴ "አይሆንም" ካለች፣ በርሜሉ አያልፍም ለገበያተኛ።

ልጇ ግን ገና በሃያ ሰባት ሳምንቱ፣
ሳይጠሩት የመጣ፣ ሳይሞላ ወራቱ፣
በመስታወት ሣጥን፣ በሽቦ መካከል፣
ክብደቱ ካንድ ዳቦ የማይስተካከል።
በአፍንጫው ቱቦ ነው ወተት የሚወርደው፣
ምላሱን ሳይነካ፣ ሳይቀምሰው፣ ሳይለምደው።

እሷ ሌት በስድስት፣ በዘጠኝ፣ በንጋት፣
ከማለቢያው ጋራ ትግል ነው፣ የለም እንቅልፋት፤
ጠብታ በጠብታ በጠርሙስ አጠራቅማ፣
ቀን ጽፋ ደረደረች በፍሪዘሩ ጨለማ።

ታኅሣሥ ሲያልቅ፣ አንዱን ብታቀልጠው፣
ሽታው ሌላ ሆነ።
ሳሙና።
ውኃ ውስጥ ያደረ፣ ብረት ብረት ያለው።
"አበላሸሁት" አለች። ሌላም ከፈተች። ሌላም።
አርባ ሁለት ጠርሙስ፣ አርባ ሁለት ሌሊት፤
ልትደፋው ተነሣች፣ ማንንም ሳትሰማ፣ ማንንም ሳታይ።

ነርሷ ኤለ-ማሬት ክንዷን ይዛ፦ "ቆይ።
ቆሻሻ አይደለም። ሊፔዝ ነው፣ ኢንዛይም ነው፣ የራስሽ፣
ከወተቱ ጋራ ሠርቶ የላከው ጡትሽ።
የልጅሽ ቆሽት ጥሬ ነው፣ ስብ መክተፍ አያውቅም፣
ወተትሽ ቢላ ይዞ ይገባል፣ ባዶ እጁን አይዘልቅም።
ብርድም አያስተኛው፤ በድን ሆኖ ወተቱ፣
እሱ ግን ይከትፋል፣ ልጅ ሳይኖር ከፊቱ።"

ጉንቮር መዳፏን አየች። የቢላ ጠባሳ አለበት።

"ትኩሱን እንዳለ ስጪው" አለች ነርሷ። "የሚቀመጠውን፣
ጠርዙ አረፋ ሲይዝ፣ ሳይፈላ አውጪውና ቶሎ አቀዝቅዢው።
ቢላው ይሞታል ያኔ፤ ሽታውም አይኖርበት።
ሁለቱን አንድ ላይ የሚያተርፍ እሳት እኔ አላየሁበት።"

አርባ አንዱ ጠርሙስ በቱቦው ወረደ፤
ልጁ ምኑን ያውቃል? ወፈረ፣ ከበደ።

ጥር ላይ፣ ፀሐይ በተራራው ጫፍ ለአንድ አፍታ ብቅ ባለችበት፣
ቱቦው ወጣና፣ የመጨረሻዋን ጠርሙስ በጡጦ ሰጡት።
አንዴ ሳበ። ቆመ።
ግንባሩ ተኮማተረ፣ አፍንጫው ተሸበሸበ፣
ምላሱን አውጥቶ ወተቱን መለሰ፣ ከንፈሩን ሰበሰበ።
ኤለ-ማሬት ደነገጠች፤ ጉንቮር ግን ሳቋ አመለጣት፣
ሳቁ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆኖ ጉሮሮዋን ያዛት።

ማታ በደብተሯ፣ በዘይቱ ሚዛን ጊዜ በለመደችው ጽሕፈት፦
ጥር ዐሥራ አራት። ኤስኪል። አምስት ሚሊ ሊትር።
አይሆንም አለ።